ለየቀን ሥራ የምትሆን ርካሽ ሰንጢ፦ ጅማ ላይ ምን አይተን እንግዛ?

ከረጢት_ፈቺ
ሰላም ለቤቱ። ታጥፋ ኪስ ውስጥ የምትገባ ሰንጢ ልገዛ ነው። ሥራዋ የጆንያ ሲባጎ መቁረጥ፣ የማዳበሪያ ከረጢት መክፈት፣ የችግኝ ፕላስቲክ መቅደድ፣ ምሳ ላይ ደግሞ ብርቱካንና አቮካዶ ነው። ከ500 ብር ባትዘል ደስ ይለኛል። ሂርማታ ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። አንዷ የእንጨት እጀታ ያላትና በጀርባዋ ሞላ ያላት ናት። ሁለተኛዋ ጀርባዋ ላይ የብረት ቀለበት አላት። ሦስተኛዋ የምታብለጨልጭ፣ ቡሽ መንቀያና መቀስ ሳይቀር የተሰካባት ናት። የቷን ልውሰድ? ሻጩ ፊት ቆሜስ ምኗን ልይ? ክረምቱ ደግሞ አለ፤ የጅማ ዝናብ ብረት እንደማይምር ታውቃላችሁ።

ሞረድ
ሦስተኛዋን ተዋት። የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ በልኩ ስለሚሠራ ያን ሁሉ ዕቃ ይሸከማል። በአንተ በጀት የሚገኘው ግን ቅጂው ነው፤ ስድስት ነገር በአንድ ሪቬት (ስለትና እጀታን በሚያያይዝ የብረት ችንካር) ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ሪቬቱ ወር አይቆይም።

ርካሽ ሰንጢ የሚሞተው በስለቱ አይደለም፣ በመገጣጠሚያው ነው። ስለት ቢደነዝ ይሳላል፣ ቢዝግ ይጸዳል። የተላላ መገጣጠሚያ ግን ሰንጢዋን ከጥቅም ውጭ ያደርጋታል፣ ጣትም ያስቆርጣል። ስለዚህ ሻጩ ፊት ስትቆም ዓይንህ ሪቬቱ ላይ ይሁን።

ክፈታት። እጀታዋን በግራ እጅህ ያዝ፣ ስለቷን በቀኝ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ከጎንና ከጎን ቆንጥጠህ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቅ። ጫፏ ላይ 1 ሚሊ የማትሞላ መወዛወዝ በመዶሻ ትስተካከላለች፤ ዋጋ መከራከሪያም ትሆንሃለች። ቀጥለህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቅ። በዚህ በኩል ቀጭ ቀጭ ካለች ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል ወይም ከመነሻው ሰፍቶ ተበስቷል። እሱን መዶሻ አያድነውም፣ መልስለት።

አሁን ዝጋትና በእጀታው ስንጥቅ ውስጥ ወደ ብርሃን ይዘህ እይ። የስለቱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ መደበቅ አለበት። ጫፉ ብቅ ካለ መጀመሪያ ኪስህን፣ ቀጥሎ ጣትህን ይበላል። በሞላ የምትዘጋ ከሆነች ደግሞ አፏ ከሥር ያለውን ብረት እየነካ እንደሆነ ልብ በል። ከነካ በዘጋሃት ቁጥር ስለቷ መሐል አንዲት ነጥብ ትደነዝዛለች፤ የቱንም ያህል ብትስላት ያችው ቦታ ተመልሳ ትደነዝዛለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው። 2 ሚሊ ውፍረት ያላት ቁራጭ ቆዳ በስንጥቁ ወለል ላይ በማጣበቂያ ለጥፍ፣ አለቀ። ግን ዋጋ ስታስቀንስ አንሳት።

በመጨረሻ ትንሽ ሞረድ ይዘህ ሂድ። ከስለቱ ሥር፣ እጀታው አጠገብ ያለውን ያልተሳለ ጥግ አንድ ጊዜ ብቻ ገፋ አድርገው። ሞረዱ መስታወት ላይ እንደሚሄድ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል። ትንሽ ከያዘ ደህና ነው፣ ለመሳልም ይቀልሃል። እንደ ሚስማር ነክሶ ብናኝ ካወጣ ግን ሰንጢ የሚመስል ላሜራ ነው።

አጂፕ_ሰፈር
ማግኔት ብትይዝ ይሻላል። ማግኔት ያልሳበው እሱ ኦሪጅናል ስቴንለስ ነው፣ እሱን ውሰድ።

ሞረድ
@አጂፕ_ሰፈር ይቺ ወሬ ብዙ ሰው አሳስታለች። ማግኔት የማይስበው ስቴንለስ የድስትና የማንኪያ ብረት ነው። ክሮሚየምና ኒኬል አለው፣ በእሳት አይጠነክርም፣ ስለዚህ ስለት አይዝም። ለቢላ የሚሆነው ስቴንለስ 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው፣ በእሳት የሚጠነክረው ነው፤ እሱን ማግኔት ይስበዋል። ማግኔት የማይስበው ሰንጢ ካገኘህ ሹል ማንኪያ ገዛህ ማለት ነው። ማግኔት ሳበው ማለት ደግሞ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ፌሮንም ይስበዋል።

ባሌስትራ
ባለቀለበቷ የኦካፒ ዘር ናት። ኦካፒ በ1902 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጀርመን ውስጥ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ገበያ ተብላ መሠራት የጀመረች ናት፤ ከ1988 ወዲህ ሥራዋ ደቡብ አፍሪካ ነው። ስትከፍታት «ቀርቀርቀር» የምትለው ስለቷ ሥር ያሉት ጥርሶች በጀርባዋ ያለውን ብረት እየነኩ ስለሚያልፉ ነው። ለመዝጋት ቀለበቱን ሳብ አድርገህ ስለቷን ታጥፋለህ። ካርቦን ብረት ናት፣ ትዝጋለች፣ በቀላሉ ደግሞ ትሳላለች።

ቅጂዋ ላይ የሚበላሸው ጥርሱ ነው። ለስላሳ ብረት ከሆነ ጥርሱ ይላጫል፤ ቆለፈች ስትል ታጥፋ ጣት ላይ ትመጣለች። ስለዚህ ከፍተህ ቀለበቱን ሳትነካ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገህ ጫን። ጣቶችህ ስለቱ ከሚታጠፍበት መንገድ ውጭ ይሁኑ። ከተንሸራተተች ትቅርብህ።

በዓለም ላይ በርካሽነቱና በዕድሜው የታወቀ ሰንጢ ጥቂት ነው፣ ሁሉም አንድ ባሕርይ አላቸው፦ ክፍላቸው ጥቂት ነው። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ከ1890 ጀምሮ አለ። አንድ ስለት፣ አንድ ክብ እንጨት፣ አንድ ሪቬት፤ በ1955 ደግሞ ስለቱን ከፍቶ የሚቆልፍ የሚዞር ቀለበት ተጨመረበት። ቁጥር 8 የሚባለው ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለኪስ ልኩ እሱ ነው። ዱክ-ዱክ (ይኸውም ፈረንሳይ፣ ከ1929 ጀምሮ) እጀታው የታጠፈ ላሜራ ነው፤ መቆለፊያ የለውም፣ በጠንካራ ሞላ ብቻ ይይዛል። የጃፓኑ ሂጎኖካሚ ሞላም የለው። ላሜራ እጀታ፣ ስለት፣ ከኋላ የምትወጣ ጭራ፤ ጭራዋን በአውራ ጣትህ እስከጫንክ አይታጠፍም። ከአገር ውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህና ኦፒኔል ካስላክህ ነገሩ ያልቃል። ካልሆነ እዚሁ ስታይ ይህንኑ ባሕርይ ፈልግ፤ ክፍሏ ያነሰውን ውሰድ።

ወስፌ
ጋሽ ሞረድ ያሉትን ሁሉ ተቀብዬ የእንጨት እጀታ ላይ ልጨምር። ጅማ ውስጥ ዝናብ የሚጀምረው ሰኔ ላይ አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ አየሩ እርጥብ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይጠብባል፣ ስለቷን ይነክሳል። ሰው «ዘጋች» ብሎ በፒንሳ ይስባትና ሪቬቱን ያላላዋል። በፒንሳ አትሳቡ። የእጀታውን ቂጥ እንጨት ላይ ቆንጠር ቆንጠር አድርጉት፣ ስለቷ ራሷ ትወጣለች። ኦፒኔል ያላቸው ፈረንሳዮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ዘላቂው ሰም ነው። እዚህ የማር ሰም አይጠፋም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሰንጢዋ ሦስት አራት ቀን ደረቅ ቤት ውስጥ ትቆይ፣ ከምድጃ በላይ መደርደሪያ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እርጥብ እንጨት ሰም አይጠጣም። ሰሙን በቆርቆሮ ጣሳ አድርጋችሁ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ቀጥታ እሳት አያስፈልገውም፤ ቀጥታ እሳት ላይ ካደረጋችሁት ይነዳል። ስለቷን ክፈቱ፣ እጀታውን በፀጉር ማድረቂያ ወይም በፍም ወላፈን እጅ ሊይዘው እስኪያቅት አሙቁት። በስንጥቁ ውስጥና በሪቬቱ ዙሪያ በማንኪያ ጫፍ ሰም አንጠብጥቡ፣ እንደገና አሙቁ፣ እንደገና አንጠብጥቡ። እንጨቱ መጠጣቱን ሲያቆም ከላይ ይቀራል፤ ያኔ በጨርቅ ጥረጉት። ሳይቀዘቅዝ ስለቷን ሃያ ጊዜ ያህል ክፈቱ ዝጉ፣ አለዚያ ሰሙ ራሱ ማጣበቂያ ይሆናል።

ሰም ከሌለ ሻማ ይሆናል፤ ግን ሻማ ይሰነጣጠቃል፣ በየክረምቱ መደገም አለበት።

አጂፕ_ሰፈር
ሰም ምን ያስፈልጋል፣ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጉበት በቃ 😄

ወስፌ
@አጂፕ_ሰፈር ወንድሜ፣ ኑግ ዘይት መገጣጠሚያ ላይ አይደረግም። የኑግም የሱፍም ዘይት አየር ሲያገኝ እየደረቀ ሙጫ ይሆናል። የዘይት ጠርሙስ አንገት ላይ የሚለጠፈውን ቢጫ ነገር አይተሃል? ሪቬቱ ውስጥ የሚሆነው እሱ ነው፣ አቧራ ደግሞ ይሰበስባል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል። ብርቱካን ስለሚቆረጥባት ስለቷ ላይ ነጭ ቫዝሊን በጣት ቀጭን አድርጎ መቀባት ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ምግብ የሚነካ ነገር ላይ በፍጹም።

ከረጢት_ፈቺ
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ሞረድ፣ ያችን «በመዶሻ ትስተካከላለች» ያሏትን ቢያብራሩልኝ? የእንጨት እጀታዋን ልወስድ ነው፣ ወደ ጎን ትንሽ ትወዛወዛለች።

ሞረድ
እሺ። የሚያስፈልግህ ከ200 ግራም የማይበልጥ ትንሽ መዶሻ (ራሱ ክብ የሆነው ቢሆን ይመረጣል)፣ ጠፍጣፋ ወፍራም ብረት፣ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠች ስስ ቁራጭ ነው። ብረቱ የሞርሳ ጀርባ፣ የመኪና ዕቃ፣ የድሮ ካውያም ይሆናል።

በመጀመሪያ መገጣጠሚያውን አጽዳ። ነጭ ጋዝ አንጠብጥበህ ክፈት ዝጋ፣ ጥቁሩ ነገር ይውጣ፣ በጨርቅ ጥረግ። ቆሻሻ ይዞ የጠበቀ ሪቬት ቆሻሻው ሲወጣ መልሶ ይላላል።

ቆርቆሮዋን ከስለቱና ከእጀታው መሐል፣ ሪቬቱ አጠገብ ሰካ። ሥራዋ ከመጠን በላይ እንዳታጠብቅ ያችን ያህል ክፍተት መጠበቅ ነው። ከዚያ የሪቬቱን የታች ራስ ብረቱ ላይ አሳርፍ። እንጨቱ ሳይሆን ሪቬቱ ራሱ መቀመጥ አለበት፤ እንጨቱ ከተቀመጠ ይሰነጠቃል። የላይኛውን ራስ ጠርዝ ጠርዙን በክብ አካሄድ ቆንጠር ቆንጠር አድርግ። መሐሉን አትምታ፤ መሐሉን መምታት ሪቬቱን ያጎብጠዋል፣ ራሱን አያሰፋም። የመዶሻው ድምፅ «ቲክ ቲክ» ይሁን፤ «ዷ» ካለ አብዝተሃል። በየሦስት አራት ምቱ ክፈት ዝጋ፣ ነቅንቅ። ሰንጢዋን ገልብጠህ በሌላው በኩል እንደዚሁ። ሲበቃት ቆርቆሮዋን አውጣ፣ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ሠላሳ ጊዜ ክፈት ዝጋ።

አጥብቀህ ካሳለፍክ አትደንግጥ። የሪቬቱን አንድ ራስ ከራሱ ሰፋ ባለ የዳዶ ቀዳዳ ላይ አድርገህ በሌላው በኩል መሐሉን አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ ብለህ ምታ፣ ይለቃል።

ነሐስ ሪቬት ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይሰፋል። ብረት ሪቬት ይበልጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። ራሱ ክፍት ቱቦ የሆነ ከሆነ ግን ምንም አታድርግ፤ ሲመታ ይሰነጠቃል። እሱን በሴጌቶ ቆርጠህ በ3 ሚሊ ብሎንና ሁለት ቀጫጭን ሮንዴላ ተካው፣ ዳዶውን ካጠበቅህ በኋላ ትርፉን ቆርጠህ ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፈው እንዳይፈታ።

አጂፕ_ሰፈር
ስለቱንስ? በብስክሌት ድንጋይ እያዞሩ የሚስሉት በሁለት ደቂቃ ይጨርሱልሃል።

ባሌስትራ
ለወጥ ቤት ትልቅ ቢላ ይሁን። ሰንጢ ግን ስስ ነው፣ ፈጣን ድንጋይ ላይ በሰከንድ ይግላል። በተለይ ጫፉ፤ ሙቀቱ መሄጃ የለውም። ካርቦን ብረት ከ200 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ካየህ ጥንካሬው ሄዷል፤ ያን ያህል ቦታ በሞረድ በልተህ እስክትጨርሰው ድረስ ስለት አይዝልህም። የሚስለው ሰው ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ቢያጠፋው እንኳ ብረቱ የለሰለሰው ለስልሷል።

በእግር የሚረገጠው ድንጋይ ቀስ ካለና ውሃ እየተንጠባጠበበት ከሆነ አይጎዳም። ደረቅ ሆኖ ብልጭታ ከረጨ አትስጠው። በራስህ እጅ ሳላት።

ወስፌ
የመሳሉን እኔ ልመልስ።

ሁለት ገጽ ያለው ድንጋይ (አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ለስላሳ) ካለ ጥሩ። ከሌለ 220፣ 400 እና 800 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ መስታወት ወይም የሴራሚክ ንጣፍ ላይ በውሃ መለጠፍ ነው። ልዩነቱ ይኸ ነው፦ ድንጋይ ላይ ስለቱን ወደ ፊት፣ ቀጭን ሽፋን እንደምትልጡ መግፋት ይቻላል፤ ወረቀት ላይ ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚጎተተው፣ አለዚያ ወረቀቱ ይቀደዳል።

ማዕዘኑን በግምት አታድርጉት። የስለቱን ወርድ ለኩ። 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጀርባውን ከድንጋዩ 5 ሚሊ ሲያነሱት 15 ዲግሪ፣ 7 ሚሊ ሲያነሱት 20 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ለብርቱካን 15 ይበቃል፣ ሲባጎና ካርቶን ለሚቆርጥ 20 ይሻላል። ርካሽ ብረት በ15 ላይ ይታጠፋል።

በሻካራው አንድ ጎን ብቻ ሳሉ፣ በሌላው ጎን ጠርዙ ላይ በአውራ ጣት ጥፍር ወደ ውጭ ስትስቡ ያዝ የሚያደርግ ስስ ጭረት (የታጠፈ ቀጭን የብረት ከንፈር) እስኪወጣ ድረስ። ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ሙሉውን መሆን አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ካልወጣ እዚያ ስለቱ ገና አልደረሰም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ጭረቱ ሳይወጣ ጎን ይለውጣል። ከወጣ በኋላ ሌላው ጎን እንደዚሁ። ከዚያ በለስላሳው አሥር አሥር፣ አምስት አምስት፣ በመጨረሻ አንድ አንድ ጊዜ እየቀያየሩ፣ እጅ እየቀለለ። ጭረቱ ካልጠፋ ድካሙ ከንቱ ነው፤ መጀመሪያ ሲባጎ ሲነካ ይታጠፍና «ትናንት ስያት ዛሬ ደነዘች» ይባላል።

ለማለስለስ ሲኒ ገልብጡ። ሥሩ ላይ ያለው ያልተለበጠ ሻካራ ክብ ጥሩ መሳያ ነው። ሦስት አራት ጊዜ በየጎኑ፣ ከዚያ የቀበቶ ቆዳ ጀርባ ላይ።

@ከረጢት_ፈቺ ለአንተ ግን ሲኒውንም ተወው። ሲባጎ የቃጫ ዘር ነው፤ በጣም የለሰለሰ ስለት ላዩ ላይ ይንሸራተታል። በ400 ላይ ብታቆም በዓይን የማይታይ መጋዝ ይሆናል፣ ሲባጎውን ነክሶ ይቆርጠዋል። ለዚያ ብርቱካን 400ም ይበቃል።

ሞረድ
ትክክል ብላለች። እኔ ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

የችግኝ_ጣቢያ
ችግኝ ስላነሳህ አንድ ነገር። በዚያች ሰንጢ የቡና ግንድ ወይም ቅርንጫፍ የምትነካ ከሆነ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄድ አጽዳት። ቡናን የሚያደርቀው ፈንገስ በመሣሪያ ቁስል በኩል ይተላለፋል፤ በገጀራ የሚዛመተው እንዲሁ ነው። 70 በመቶ አልኮል በጨርቅ አድርጎ መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በረኪና የሚጠቀሙ አሉ፤ በሽታውን ይገድላል፣ ካርቦን ብረቱን ግን በአንድ ቀን ያዝገዋል። በረኪና ከሆነ ወዲያው በውሃ አጥበህ አድርቀህ ቫዝሊን ቀባ። በእሳት አትለብልባት፣ ጫፏ ይለሰልሳል።

ያችኑ ሰንጢ ደግሞ ሳታጥብ ወደ አቮካዶ አትውሰድ።

ከረጢት_ፈቺ
ስለ ዝገቱስ? ካርቦን ብረት ከሆነች ብርቱካን ሲነካት ትጠቁራለች አሉኝ።

ባሌስትራ
ትጠቁራለች፣ ትጥቆር። ጥቁርና ግራጫው ጠላት አይደለም፤ ብርቱካናማው ነው ጠላት። እንዲያውም ቀድመህ ብታጠቁራት ዝገት ይዘገይባታል። ስለቷን በሳሙና አጥበህ በአልኮል ጥረግ፣ የጣት አሻራ እንዳይቀር። አቼቶ ሞቅ አድርገህ (ሳይፈላ) ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ጨምር፣ ስለቷን ብቻ ንከር፣ እንጨቱና ሪቬቱ አይግቡ። በአሥር ደቂቃ ትጠቁራለች። አውጥተህ እጠባት፣ ጥረጋት፣ ድገም። መጨረሻ ላይ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እጠባት፣ አለዚያ የቀረው አሲድ ራሱ ያዝጋታል። ዘይት ቀባ። ሽታው ሁለት ቀን ይቆያል።

ጥቁረቱ ዝገትን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። እርጥብ ሆና ከታጠፈች ሪቬቱ ውስጥ ትዝጋለች፣ እዚያ ደግሞ አይታይህም። ሎሚ ከቆረጥህ ወዲያው ጥረግ። ለስቴንለሱም ቢሆን ይኸው ነው። «የማይዝግ» ቢባልም የሎሚ ጭማቂና ጨው አድሮበት ትንንሽ ጉድጓድ ያወጣል።

ብርቱካናማው ከወጣ የተከፈለ ሎሚ በአመድ ነክረህ እሸው፣ እጠብ፣ አድርቅ። በቆዳ ማኅደር አታሳድራት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ከረጢት_ፈቺ
የመጨረሻ ጥያቄ። ገበያው ላይ የሚሆን ካጣሁ ለአንጥረኛ ላሠራ ብል ምን ልበለው?

ባሌስትራ
በአካባቢው ቱምቱ የሚባሉት አንጥረኞች ገጀራና ማጭድ ከባሌስትራ (ከመኪና እግር ሥር ከሚገኘው ጠፍጣፋ ሞላ) ይሠራሉ፤ ብረቱን ያውቁታል። ለሰንጢ ግን ባሌስትራ ወፍራም ነው፣ ቀጥቅጦ ማሳሳቱ ብዙ እሳት ይበላል። ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች የተጣለ የመጋዝ ቀበቶ (ጥርስ ያለው ረጅም የብረት ጥብጣብ) ፈልግ፣ ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ስለሆነች አይቸግርም። ውፍረቱ ልክ ነው፣ ከፋብሪካው የጠነከረ ነው፤ እያቀዘቀዝክ በሞረድ ከቆረጥከው እሳት ጨርሶ አያስፈልገውም። ሞረድ ይይዘዋል፣ ስለት ግን ያቆያል። ከፌሮ እሠራለሁ ካለህ እሺ አትበል፤ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ነው፣ ውሃም ዘይትም ቢነክሩት አይጠነክርም።

ልኩን ጽፈህ ስጠው። ስለት 7.5 ሴንቲ፣ ወርድ 2 ሴንቲ፣ እጀታ 10 ሴንቲ። ሞላም መቆለፊያም አትጠይቅ፤ እንደ ጃፓኑ ከኋላ 2 ሴንቲ ጭራ ይተውላት፣ ስትከፈት ጭራዋ እጀታው ጀርባ ላይ ትረፍ። እጀታው ሁለት እንጨትና በመሐሉ የስለቱን ውፍረት የሚያህል ላሜራ፤ ላሜራው ከስለቱ የፀጉር ያህል ቢወፍር ነው የሚሻለው፣ አለዚያ አይከፈትም።

ከባሌስትራ ከሆነ ብቻ እሳት ይገባል። ቀይ ሆኖ ማግኔት መሳብ ሲያቆም ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ አፉን ወደ ታች አድርጎ ይንከረው። ውሃ ውስጥ ከነከረው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ አጽድቶ ጀርባውን በጋለ ብረት ላይ ያሙቀው፣ ገለባ ቀለሙ ከጀርባው ተነሥቶ አፉ ጋ ሲደርስ ውሃ። ይህን ካልሠራ ስትወድቅ እንደ ብርጭቆ ትሰበራለች።

ወስፌ
እጀታውን ከደረቀ የቡና ግንድ አሠራው። ቅጥነቱ ልክ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲለሰልስ ያምራል። ወይራም ጥሩ ነው ግን እርጥቡን ካሠራኸው ይሰነጠቃል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ በርጩማ ላይ ነው የሚያምረው፤ ለሰንጢ ሪቬቱ ቶሎ ያሰፋዋል።

መቆለፊያ የሌላት ከሆነች ደግሞ ከረጢት አትውጋባት። ወግተህ ስትገፋ ናት ጣት ላይ የምትታጠፈው። ቀዳዳውን በወስፌ አስጀምር (ስሜን ለማስተዋወቅ አይደለም)፣ ከዚያ ሰንጢዋን አስገብተህ ወደ ራስህ ሳይሆን ወደ ጎን ጎትት።

አጂፕ_ሰፈር
መናኸሪያና ባንክ በር ላይ ፍተሻ አለ፣ እዚያ ስትሄዱ ቤት ተዉአት። አውሮፕላን ከሆነ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንጂ በእጅ አይሞከርም።

ከረጢት_ፈቺ
እሺ። ጋሽ ሞረድ፣ ሻጩ በሞረድ አትነካብኝ ቢለኝስ?

ሞረድ
ይልሃል። እንግዲያው ገዝተህ በመጀመሪያው ቀን ሳላት፣ ሲባጎ ሃያ ጊዜ ቁረጥባት፣ ከዚያ አፏን ወደ ላይ አድርገህ አምፖል ሥር ያዛት። ከሥር እስከ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ምንም ካልታየ ብረቷ ደህና ናት። ነጭ መስመር ካብለጨለጨ አፏ ታጥፏል። በ20 ዲግሪ ደግመህ ሳልና ሃያውን ድገም። አሁንም ካብለጨለጨች ለስላሳ ናት፤ ለብርቱካን አድርጋትና ለሲባጎው ሌላ ፈልግ።